ከርካሽ የገና ጌጥ ግዙፍ የፋርምሃውስ ጌጥ መሥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የገና ጌጥ በእጄ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ሰዎች የሚያሳዩኝ ፎቶ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቀለም ተቀብቶም ፕላስቲክነቱ ያልለቀቀው ኳስ ነው። ሁለተኛው ስፕሬይ ተረጭቶበት አይጥ የበላው የመሰለ ፎም (ያ ቀላሉ፣ ነጩ የዕቃ ማሸጊያ ዓይነት) ነው። የሁለቱም መልስ ከታች አለ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን የሥራው ግማሽ ኳሱ ላይ አይደለም፤ ቆቡ ላይ ነው። እዚያ ስንደርስ ትንሽ እቆያለሁ፣ ታገሱኝ።

«ፋርምሃውስ» የሚባለው ስታይል ምንድነው?

የገበሬ ቤት ስታይል ማለት ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2010ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በጣም ገነነ። መነሻው ግን ያረጀ የገጠር ቤት ዕቃ ነው፦ የወተት ገንቦ፣ የተላላጠ በር፣ ዚንጎ ባልዲ።

ቀለሞቹ ጥቂት ናቸው። ወደ ክሬም ያደላ ነጭ፣ ግራጫ፣ ጥቁር፣ የእንጨት ቀለም፣ አልፎ አልፎ ዝገት። ቁሳቁሱ ጆንያ፣ ሲባጎ፣ እንጨትና ብረት መሰል ነገር ነው። ጨርቅ ከገባበት ትልልቅ ቼክ ያለው ይሆናል፤ ቀይና ጥቁር፣ ወይም ነጭና ጥቁር። ሌላውን ብትረሱት እንኳ ይቺን ያዙ፦ ፋርምሃውስ አያብረቀርቅም። ገዝታችሁ ያመጣችሁት ጌጥ ደግሞ ሥራው ማብረቅረቅ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ድካማችሁ ወዙን መግደል ላይ ይሆናል።

ግዙፍ ሲባል ምን ያህል ነው?

የተለመደው የዛፍ ኳስ ዲያሜትሩ ከ6 እስከ 8 ሳንቲሜትር ነው። እዚህ የምናወራው ከ20 ሳንቲሜትር ጀምሮ ስላለው ነው። ለቤት ውስጥ 30 ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ለደጅ ካልሆነ ክፍሉን ይውጠዋል።

ነገሩ እኛ የፈጠርነው አይምሰላችሁ። ላውሻ በምትባለው የጀርመን የመስታወት ሠሪዎች ከተማ በ19ኛው ክፍለ ዘመን «ኩገል» የሚባሉ ወፍራም የመስታወት ኳሶች ይሠሩ ነበር። ትልልቆቹን ቅርንጫፍ ስለማይችላቸው ከጣሪያ ላይ ያንጠለጥሏቸው ነበር። የኛ ፕላስቲክ ስለሆነ ዕድለኞች ነን።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንድ ሒሳብ ሥሩ። 8 ሳንቲሜትር የነበረው ኳስ 24 ሲሆን ስፋቱ ሦስት እጥፍ አደገ። የሚቀባው ገላ ግን ዘጠኝ እጥፍ ነው። ለትንሿ ኳስ የበቃች ቀለም ትልቁን አንድ ጎኑን እንኳ አትሸፍንም። ብዙ ሰው መሃል ላይ ቀለም የሚያልቅበት ለዚህ ነው።

ሱቅ ስገባ ምን ልፈልግ?

ቅርጹን እዩ፤ ቀለሙን እርሱት። አስቀያሚ ሮዝ ቢሆን፣ የማይረባ ሥዕል ቢኖርበት ምንም አይደለም፤ ሁሉም ይሸፈናል። ቅርጹ ከተጣመመ ግን አይቃናም።

በአውራ ጣታችሁ ጫን ብላችሁ ፈትኑት። ገባ ብሎ ቶሎ ከተመለሰ ደህና ነው። ጎድጉዶ ከቀረ ተዉት። መንጠልጠያውንም ሳብ አድርጉ። ብዙ ጊዜ መንጠልጠያው የሚይዘው በሁለት ቀጭን ሽቦ ብቻ ስለሆነ ለባዶ ኳስ እንጂ ለተሸለመ ኳስ አይሆንም። ከዚህ ሌላ ጥቂት የእንጨት ዶቃ፣ አንድ ጥቅል ሲባጎ፣ አንድ ጥቅል ሪባንና ሁለት ሦስት ቃጭል ካገኛችሁ ተነሱ። ሰው ሠራሽ ቅጠል መግዛት ካማራችሁ ትንሽ ግዙ። እኔ ሁልጊዜ አብዝቼ እገዛና ግማሹ መሳቢያ ውስጥ ይከርማል።

ትልቅ ኳስ አላገኘሁም። ምን ላድርግ?

ሁለት የፕላስቲክ ጎድጓዳ ሳህን ፈልጉ። አፍ ለአፍ ሲገጠሙ ኳስ ይሆናሉ። ሙሉ ክብ እንዲወጣላችሁ የሳህኑ ጥልቀት የአፉን ስፋት ግማሽ ያህል ይሁን። አፉ 24 ከሆነ ጥልቀቱ ወደ 12 ማለት ነው። ጥልቀቱ ካነሰ እንደ ሽንኩርት ጠፍጠፍ ያለ ቅርጽ ይወጣል። እውነቱን ለመናገር እሱንም እወደዋለሁ፤ የድሮ ጌጥ ይመስላል።

ቅደም ተከተሉን አደራ። መጀመሪያ የአንደኛውን ሳህን ቂጥ መሃል ለመሃል ብሱ። ሽቦውን ከውስጥ በኩል በሮንዴላ አሳልፋችሁ በቀዳዳው አውጡት። ሮንዴላው ውስጥ ይቀራል፤ ክብደቱን የሚሸከመው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ሳህኖቹ የሚጣበቁት። ይህን የማሰምርበት ሁለት ሳህን አጣብቄ፣ ቀብቼ፣ አድርቄ ስጨርስ መንጠልጠያውን እንደረሳሁ ትዝ ስላለኝ ነው። ያ ኳስ እስከ ዛሬ መሬት ላይ ይቀመጣል።

መጋጠሚያው ላይ የሚታየውን ከንፈር ለማጥፋት አትድከሙ። ሲባጎ አራት አምስት ጊዜ ጠምጥማችሁ ሸፍኑት። መደበቂያው ራሱ ጌጥ ሆኖ ያርፋል።

ቆቡን ከምን ልሥራ?

ይኸው ደረስን። ሰው አንድን ነገር አይቶ «የገና ጌጥ ነው» የሚለው ክብ ስለሆነ አይደለም። ክብ ነገርማ ስንት አለ። ከላይ ያቺ ትንሽ የብረት ቆብና ቀለበት ስላለች ነው። ኳሱ ሲያድግ ቆቡ ግን እንደነበረ ከቀረ፣ ትልቅ ሰው የሕፃን ባርኔጣ እንዳጠለቀ ይሆናል። «ምን ጎደለው?» የሚባለው ጌጥ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ይኸው ነው።

ልኩ፣ በኔ ዓይን፣ የቆቡ ስፋት ከኳሱ ስፋት ሩብ እስከ ሲሶ ነው። ለ24 ሳንቲሜትር ኳስ ከ6 እስከ 8 ሳንቲሜትር። ቁመቱ ደግሞ ከስፋቱ ግማሽ ቢሆን ያምራል። አጭር የታሸገ ምግብ ቆርቆሮ፣ የአፈ ሰፊ ብልቃጥ ክዳን፣ ተቆርጦ ያጠረ የፕላስቲክ ኩባያ፣ ያለቀ ሻማ የነበረበት ጣሳ፣ ሁሉም ይሆናሉ። ቆርቆሮ ከሆነ የተቆረጠውን ጠርዝ በፒንሳ ወደ ውስጥ እጠፉት፤ እጅ ይቆርጣል።

አሁን ሚስጥሯን ልንገራችሁ። የድሮ ጌጥ ቆብ ዙሪያው ሽንትር ሽንትር ያለ ነው። ያንን ለማምጣት የዕቃ ማሸጊያ ካርቶን ውሰዱ። ያንዱን ፊት ወረቀት በእርጥብ ስፖንጅ አራስ አራስ አድርጋችሁ ጥቂት ጠብቁ። ከዚያ ከጥግ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ላጡት። ከስሩ የተሸበሸበው ይወጣል። ሲደርቅ በቆቡ ቁመት ልክ በቀጭኑ ቁረጡት፤ ሽብሽቡ ቁልቁል እንዲወርድ አድርጋችሁ በቆቡ ዙሪያ አጣብቁት። ግራጫ ቀለም ሲያርፍበት ካርቶን መሆኑን ከእናንተ ሌላ ማንም አያውቅም።

ለቀለበቱ ጠንከር ያለ ሽቦ በጠርሙስ አንገት ላይ ጠምዝዙ፤ ክቡ ራሱ ይወጣል። ሁለቱን ጫፍ ቆቡ ላይ በበሳችሁት ቀዳዳ አስገብታችሁ ከውስጥ ወደ ጎን እጠፉ። ኳሱን የሚሸከመው ይህ ቀለበት ከሆነ ከሮንዴላው በመጣው ሽቦ እሰሩት እንጂ በኮላ ብቻ አትመኑት።

ቀለሙ ላይ ሦስት ግራጫ ያስፈልጋል። መካከለኛውን ሙሉ በሙሉ ቀቡት። ሲደርቅ ጠቆር ያለውን በቁራጭ ስፖንጅ እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ አድርጉ፤ ከዚያ ብርማውን በጣም በትንሹ። ዚንጎ ይመስላል። ዝገት የፈለገ ቡናማና ብርቱካንማ ይጨምር፤ ሽንትሩ መሃል ላይ እንጂ አፋፉ ላይ አይሁን። ውሃ የሚተኛው እዚያ ስለሆነ ዝገትም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ቀለሙ ለምን ይላጣል?

የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ቀለም አይጨብጥም፤ ነገሩ ይኸው ነው። በሳሙና እጠቡት፤ የእጅ ቅባት ይለቅ። ሲደርቅ በቁጥር 220 ብርጭቆ ወረቀት ወዙ እስኪጠፋ እሹት። ጠልቆ መፋቅ አያስፈልግም፤ ደብዘዝ ካለ በቂ ነው። አቧራውን ጠርጉ፤ ከዚያ ፕላስቲክ የሚይዝ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መነሻ ቀለም) አንድ እጅ ቀቡ።

ስፕሬይ ከሆነ ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ራቁ። ሦስት ስስ እጅ ከአንድ ወፍራም እጅ ይሻላል። ወፍራሙ ይወርዳል፣ ከውጭ የደረቀ መስሎም ከውስጥ ለጥፎ ይቆያል። የምትረጩት ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይሁን። ቤት ውስጥ በመስኮት ብቻ አይሆንም።

ፎም ኳስ ላይ ስፕሬይ መርጨት እችላለሁ?

አትችሉም። እኔ ሞክሬዋለሁ።

የመጀመሪያዬ ትልቅ ፎም ኳስ ነበር። በረንዳ ላይ ሰቅዬ ነጭ ስፕሬይ ረጨሁት። መጀመሪያ ትንንሽ ቀዳዳ አወጣ። ቀለሙ ያነሰው መስሎኝ ቀዳዳውን ልሸፍን ብዬ ጨመርኩበት። ቀዳዳዎቹ ተያያዙ። ጨረቃ ሠርቼ ቁጭ አልኩ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ፎሙ ፖሊስታይሪን ነው፤ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው አየር ነው። በብዙዎቹ ስፕሬዮች ውስጥ ያለው አሴቶንና የመሳሰለው ማሟሟያ ያን ስስ ግድግዳ ያሟሟዋል፤ አየሩ ሲወጣ ቅርጹ ይወድቃል። ስለዚህ ፎም የሚቀባው በብሩሽ፣ በውሃ በሚቀጥን አክሪሊክ ነው። የግድ ስፕሬይ ካላችሁ አስቀድማችሁ ፎሙን በነጭ ኮላ ሁለት እጅ ሸፍኑት። አንዲት ያልተሸፈነች ነጥብ ብትቀር ግን ከዚያች ይጀምራል።

ግሉ ጋንም (ኮላ አቅልጦ የሚያወጣው ሽጉጥ መሰል ማሽን) እንዲሁ ነው። ከፍተኛ ሙቀት ያለው ወደ 190 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚደርስ ፎሙን ይበሳዋል። ዝቅተኛውን፣ ወደ 120 የሚሞቀውን ተጠቀሙ።

ብልጭልጩን እንዴት ላጥፋው?

ለመፋቅ አትነሱ። ብልጭልጭ አንዴ ምንጣፍ ውስጥ ከገባ እስከ ሚቀጥለው ገና አብሮን ይኖራል። ነጭ ኮላ በትንሽ ውሃ አቅጥናችሁ ቀቡበት። ይታሸጋል። ሲደርቅ ቀለም ከላይ ይሄዳል። ሸካራነቱ ይቀራል፤ ያ ደግሞ ለኛ ጥሩ ነው፣ የድንጋይ መልክ ይሰጠዋል።

ቤኪንግ ሶዳ ቀለም ውስጥ የሚጨመረው ለምንድነው?

ቀለሙን ያወፍረዋል፣ ወዙን ይገድለዋል፣ ሲደርቅ ሸክላ ወይም ኖራ ያስመስለዋል። ለሁለት እጅ አክሪሊክ አንድ እጅ ሶዳ ጨምራችሁ ጀምሩ። ከዚያ እንደ ፍላጎታችሁ ጨምሩ። ከእርጎ ወፈር ሲል ደርሷል። ብሩሹን በአንድ አቅጣጫ አትጎትቱ፤ በሁሉም በኩል አመላልሱት፤ አለዚያ መስመር መስመር ይሆናል።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነው። ውስጡ አሲድ ስላለው እርጥበት ሲያገኝ ይኮፈሳል፣ ቀለማችሁም አረፋ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ለዛሬ የሚበቃውን ብቻ አዋህዱ። ያደረ ድብልቅ ይጠጥራል።

አሮጌ እንዲመስል እንዴት ላድርግ? እኔ ስሠራው ቆሻሻ ይመስላል።

ቆሻሻ የሚመስለው በሁሉም ቦታ እኩል ስለሚቀባ ነው። ዕቃ እኩል አያረጅም። እጅ የሚነካው፣ ግድግዳ የሚጠርገው፣ ጎላ ብሎ የወጣው ቦታ ይላጣል። ጎድጎድ ያለው አቧራ ይይዛል። ይህን እያሰባችሁ ሥሩ።

ብሩሽ ቡናማ ቀለም ውስጥ ጫፉን ብቻ ነክራችሁ ወረቀት ላይ ጠራርጉት፤ ምንም የቀረ እስከማይመስላችሁ ድረስ። ከዚያ ጎላ ጎላ ያለው ላይ በስሱ አሳልፉት። ጎድጓዳው ላይ ደግሞ በጣም የቀጠነ ቡናማ ቀብታችሁ ወዲያው በጨርቅ ጥረጉ። ከቆቡ ስር ያለው ዙሪያ ጠቆር ቢል ያምርበታል። አንዴ ካማራችሁ ብሩሹን አስቀምጡና ሂዱ። «ትንሽ ልጨምር» የምትለዋ ሐሳብ ስንት ኳስ አበላሽታብኛለች።

ሪባን ስንት ሜትር ይበቃኛል?

የኳሱን ዲያሜትር በ3.14 አባዙ። ለ24 ሳንቲሜትር ኳስ አንድ ዙር 75 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ለመደራረቢያ ሦስት ሳንቲሜትር ጨምሩ። ለቋጠሮው ደግሞ ቢያንስ ሌላ አንድ ሜትር፤ ትልቅ ኳስ ላይ ትንሽ ቢራቢሮ ቋጠሮ ዝንብ ነው የሚመስለው። ጠርዙ ሽቦ ያለው ሪባን ከገዛችሁ ቅርጹን ይዞ ይቆያል። የጆንያ ሪባን ጠርዙ ስለሚተረተር የቆረጣችሁበትን ቦታ ቶሎ ነጭ ኮላ ቀባ አድርጉት።

የትኛው ማጣበቂያ ይሻላል?

ለሪባን፣ ለሲባጎና ለዶቃ ግሉ ጋን ይበቃል። ልሙጥ ፕላስቲክ ከፕላስቲክ ወይም ቆርቆሮ ከፕላስቲክ ጋር ከሆነ ግን ሁለት ተቀላቅሎ የሚጠነክረውን ኢፖክሲ ተጠቀሙ። የሚጣበቁትን ሁለቱንም ፊቶች በብርጭቆ ወረቀት አሸካሩ። ዕቃው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ጠብቁ። «ያዘ» እና «ጠነከረ» አንድ አይደሉም።

ግሉ ጋን ተሳስታችሁ አጣብቃችሁ ከሆነ አትገንጥሉ። አልኮል በጥጥ ነክራችሁ ጠርዙ ላይ ጠብ አድርጉ፣ ጥቂት ጠብቁ፤ ራሱ ይለቃል። ብቻ ማሽኑ በአካባቢው በርቶ አይሁን።

ዛፍ ላይ ሊሰቀል ይችላል?

ባዶ ፕላስቲክ ከሆነ አዎ፤ ግንዱ ጋ፣ ዝቅ ብሎ፣ ወፍራሙ ቅርንጫፍ ላይ። ጫፍ ላይ ከሆነ ቅርንጫፉ ይጎነበሳል። የተሸለመውን ከመስቀላችሁ በፊት በጣታችሁ አንጠልጥላችሁ ለአንድ ደቂቃ ያዙት። ጣታችሁ ከሰለቸ ቅርንጫፉም ይሰለቻል።

እኔ የምወደው ሦስቱን በተለያየ ቁመት መስኮት አጠገብ ከጣሪያ ማንጠልጠል ነው። የአሳ ማጥመጃ ናይለን ክር ብትጠቀሙ ክሩ አይታይም። ቋጠሮው ግን ያንሸራትታል፤ ሦስቴ ቋጥሩት። ወይም በትልቅ ቅርጫት ሰብስባችሁ በር አጠገብ አስቀምጧቸው። ያ የረሳሁት፣ መንጠልጠያ የሌለው ኳስ ቦታ ያገኘው እዚያ ነው።

ውጭ ባደርገውስ?

በተሸፈነ በረንዳ ይቻላል። ዝናብ የሚመታው ከሆነ አሠራሩ ይለያል። ካርቶን የለበሰው ቆብ ይረጥባል፣ ሲባጎና ጆንያ ይሻግታሉ፣ ግሉ ጋን በፀሐይ ይለሰልሳል፣ በብርድ ደግሞ ይሰነጠቃል። ኢፖክሲ ተጠቀሙ፤ ሲባጎውን በናይለን ገመድ ተኩ፤ መጨረሻ ላይ ለውጭ የሚሆን፣ ማት የሆነ (የማያብረቀርቅ) ቫርኒሽ ሁለት እጅ ቀቡ። ማት መሆኑን አንብባችሁ ግዙ። በሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ የሳምንት ሥራችሁ በአምስት ደቂቃ ወደ ፕላስቲክነቱ ይመለሳል። ከታች በኩልም አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ብሱለት፤ የገባው ውሃ መውጫ ይኑረው።

ሕፃን ወይም ድመት ያለበት ቤትስ?

ዶቃና ቃጭል ዝቅ ብሎ ባለ ጌጥ ላይ አታድርጉ። መብራት ካስገባችሁበት ኤልኢዲ ይሁን፤ የድሮው አምፖል ይሞቃል፣ ፎምና ጆንያ ደግሞ ተቀጣጣይ ናቸው። በጠፍጣፋ የሳንቲም ባትሪ የሚሠራ ከሆነ ክዳኑ በብሎን የሚዘጋውን ብቻ ምረጡ። ሕፃን ከዋጠው ጉሮሮን ያቃጥላል፤ ሐኪም ጋ መሮጥ እንጂ መጠበቅ የለም።

ድመቷን በተመለከተ ምክር የለኝም።

ከበዓሉ በኋላ የት ላስቀምጠው?

በካርቶን፣ ቆቡ ወደ ላይ ሆኖ፣ ከላዩ ምንም ሳይጫን። ጆንያና ሲባጎ ያለበትን በፕላስቲክ ከረጢት አትጠቅልሉ፤ እርጥበት ያፍናል። በአሮጌ አንሶላ ወይም በነጭ ወረቀት ጠቅልሉት። ጋዜጣ ግን አይሆንም፤ ቀለሙ እየለቀቀ ኳሱ ላይ ይቀራል። አንዱ ነጭ ኳሴ ላይ እስከ ዛሬ ግማሽ የስፖርት አርእስት በግልባጩ ይታያል። እሱን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው የምሰቅለው።